የዕድራችን የግፊት መለኪያ እና የስልክ መልእክት፦ የአንዲት ልብስ ሰፊ ግምገማ

አስቀድሜ ልናገረው፤ መሣሪያውን ወድጄዋለሁ፣ የስልኩን መልእክት ግን ለብቻው ቢሸጡልኝ አልገዛውም። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ዕድራችን እጅ ከገቡ በኋላ ግን፣ ብዙ ከተጨቃጨቅንባቸውም በኋላ፣ ከጠበቅሁት በላይ ሠርተዋል። ከደጀንም ከቡሬም ተመሳሳይ አገልግሎት የቀረበላቸው ዕድሮች «እንግባበት ወይስ ይቅርብን?» እያሉ ስለጠየቁኝ፣ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብያለሁ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥም ነኝ። ወጪውን በደረሰኙ፣ ጨርቁን በመርፌዬ አውቀዋለሁ ማለት ነው።

አንድ ድርጅት ያቀረበልን ጥቅል እንዲህ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ወቀሳዬ ብዙ ነውና። ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል የደም ግፊት መለኪያ፣ የስኳር መለኪያ ከነስትሪፑ (የደም ጠብታ የሚያርፍበት ቀጭን ቁራጭ)፣ ውጤት የሚመዘገብበት የስልክ መተግበሪያ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአባላት የሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት እና የቴሌግራም ቡድን። ከየቤቱ በወር 15 ብር ከመደበኛው መዋጮ በላይ ይከፈላል። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዕድሩ ስብሰባ ቀን መጥታ ትለካለች፤ ሁለት የሰፈር ወጣቶች በስልክ ይመዘግባሉ። የዕድራችን ዳኛ መጀመሪያ ሲሰሙ «ዕድር የሞተ ሊቀብር እንጂ ያልሞተ ሊለካ ተቋቁሞ ያውቃል?» ብለው ነበር። ገንዘብ ያዥ ስለሆንሁ የመለስሁላቸው በሒሳብ ነው። በግፊት ምክንያት በግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ የዋለ አባል ለቤተሰቡም ለዕድሩም ከመለኪያው ይበልጥ ውድ ነው።

ደግሞም በፈረንጆች 2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ100 ኢትዮጵያዊ አዋቂ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶበታል፤ አብዛኛው አያውቀውም። ግፊት ራስ ካላሳመመኝ የለብኝም የሚለው ሰው በሰፈራችን ሞልቷል። አያምም፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው።

ወደ መሣሪያው ልግባ። በባትሪ ይሠራል። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ አየር ይሞላና ቀስ እያለ ሲተነፍስ፣ የደም ሥሩ ትርታ በጨርቁ ውስጥ ያለውን አየር ሲያርገበግበው ያነባል። ጤና ጣቢያ እንደምናየው በጆሮ ማዳመጫ ማድመጥ አያስፈልግም፤ ቁጥር ማንበብ የሚችል ሁሉ ይለካበታል። ሱቅ ሄዳችሁ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ትንሹን ቢያሳዩአችሁ፣ በዋጋው ርካሽነት አትታለሉ። አንጓው ከልብ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ውጤቱ ይለዋወጣል። የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ።

የስፌት ሰው ነኝና ከሁሉ በፊት የመረመርሁት ጨርቁን ነው። ጠርዙ በድርብ ተሰፍቷል፤ ማጣበቂያው እስከ ዛሬ አልላላም፤ ቱቦው ጨርቁ ውስጥ የሚገባበት ቦታም በደንብ ተጠናክሯል። ለሥራው ጥሩ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ነገር ግን ጨርቁን ገልብጬ ሳየው «ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር» የሚል ጽሑፍ አለበት። ያመጡልን ሰዎች ስለዚህ ቁጥር ትንፍሽ አላሉም ነበር። እኔ ግን የዕድራችንን ሴቶች የክንድ ዙሪያ ከሞላ ጎደል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቀሚሳቸውን የምሰፋው እኔ ነኝ። 34 የሚሆኑ አሉ፣ 36 የሚሆኑ አሉ፣ አንዲት እህታችን ደግሞ 39 ናት፤ ማን እንደሆነች አልናገርም፣ ደንበኛዬ ናት።

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ በትከሻና በክርን መካከል ያለውን የአባላቱን ክንድ ለካሁ። ከዚያ ለድርጅቱ ሰው ደወልሁ።

«እትዬ፣ ለሁሉም የሚሆን ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ለሁሉም የሚሆን እጅጌ እስከ ዛሬ ሰፍቼ አላውቅም» አልሁት።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በጨርቁ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መክበብ አለበት። ካነሰ ደም ሥሩን ለመጫን ከሚገባው በላይ አየር ስለሚፈልግ ግፊቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። በፈረንጆች 2023 ውጤቱ የታተመ፣ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ ትልቅ ቁጥር ጨርቅ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ግፊት በአማካይ 5 ያህል፣ ከትልቅም በላይ የሚያስፈልጋቸውን ደግሞ ወደ 20 ያህል ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። ሃያ ነጥብ ማለት ጤነኛውን ሰው ያለ በሽታው ኪኒን የሚያስጀምር ልዩነት ነው። ከብዙ ንትርክ በኋላ ትልቁ ጨርቅ መጣልን። 143 በ88 ተብላ ደንግጣ የነበረች ጎረቤቴ በእሱ ስትለካ 136 በ84 ሆነች። አሁን ሁለቱም ጨርቆች ከነሜትሩ ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ አዲስ አባል መጀመሪያ ክንዱ ይለካል፣ ከዚያ ግፊቱ።

ስለ እጅጌም ልናገር፤ ይህን ከእኔ በቀር ማንም አይጽፈውም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ በነሐሴ ሰው ሹራብ በኮት፣ ኮት በጋቢ ደርቦ ነው የሚመጣው። በልብስ ላይ መለካት አይገባም። እጅጌን ወደ ላይ መጠቅለልም ሌላ ጣጣ አለው፤ ጠባብ እጅጌ ሲጠቀለል ክንዱን እንደ ገመድ ያንቃል። አውልቆ መለካት ነው የሚሻለው። ሴቶቻችን ግን ወንድ በተሰበሰበበት ክንዳቸውን ማራቆት አይወዱም፤ አንዳንዶቹም በዚህ ምክንያት ሳይለኩ ይመለሱ ነበር። ድርጅቱ ይህን ሲሰማ «ግንዛቤ እንፈጥራለን» አለ። እኔ አቡጀዴ ገዝቼ መጋረጃ ሰፋሁ። ከዚያ ወዲያ ሳትለካ የተመለሰች የለችም።

አለካኩ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለሙያዋ ያስተማረችን እንዲህ ነው፦ ከመለካት በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፣ ሲጋራ አይጨስም፤ ሽንት ይሸናል፤ አምስት ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጦ በጸጥታ መቀመጥ፤ ክንድን በልብ ልክ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ፤ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ መለካት። ሲለኩ ማውራት ብቻውን የላይኛውን ግፊት ወደ 10 ሊያስነሣው ይችላል።

አሁን ይህን ለጎጃሜ ንገሩት። አንድ ሽማግሌ በበር ሲገቡ የተቀመጠ ሁሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ ይላል፤ እሳቸውም «በእግዚአብሔር» ይላሉ። የሚለካው ሰውም አብሮ ብድግ ይላል፣ ክንዱ ላይ አየር የተሞላ ጨርቅ እንደታሰረ፣ ቱቦው ተወጥሮ መሣሪያው ከጠረጴዛው ሊወድቅ። ተቀምጦ መቅረት ነውር ነው፤ መነሣት ደግሞ ልኬቱን ያበላሻል። መሣሪያው የስህተት ምልክት እያሳየ ባትሪ ጨረሰብን። መፍትሔውን ያመጡት ያው ዳኛችን ናቸው። በስብሰባው መሐል ተነሥተው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለ ሰው ለማንም እንዳይነሣ፣ ማንም እንዳይቀየመው በዕድሩ ደንብ አስወሰኑ። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። የትኛውም የስልክ መተግበሪያ ይህን ሊያደርግልን አይችልም ነበር።

ስኳሩ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ድርጅቱ መለካቱን የያዘው ከስብሰባው በኋላ ነበር። ማለትም ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ ቀርቦ፣ ቡና ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያለ ምግብ ይፈልጋል። እኛ እኮ የምንሰበሰበው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው! ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ሕዝብ የት ይገኛል? ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፤ መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ ዳቦው። አንድ ነገር ግን ቀረ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደሙ ሊፈስ አይገባም፤ ጣት መወጋት አይሆንለትም። ለቆራቢዎች ባለሙያዋ ሰኞ ጠዋት ትመጣለች። በዚህ ላይ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፣ እውነቷን ነው፣ ትርፍ ሥራ ነው። አሁን ግን ሰኞን ራሷ ትጠብቃለች፤ ሰው የሚያንስበት ቀን ስለሆነ ለማስረዳት ጊዜ ታገኛለች።

ስትሪፑ ቶሎ ያልቃል። የአንዱ መለኪያ ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም፤ ዋጋውም አንድ ቦታ አይቆምም። ዕቃው በደንብ ካልተከደነ እርጥበት ያበላሸዋል። ዕድር ውል ሲፈርም ስትሪፑን ማን እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ያስፍር።

አሁን ወደ ስልኩ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ መልእክት «በ8 ሰዓት ጤና ጣቢያ ይገኙ» ይላል። አባሎቻችን በ8 ሰዓት፣ ማለትም ከምሳ በኋላ ሄዱ። ለካስ የተባለው በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ነው፤ በእኛ 2 ሰዓት። ካርድ ክፍል ተዘግቶባቸው፣ አዛውንቶቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ተመለሱ። ቀጥሎ ቀኑ መጣ፤ «11/12» የሚል። አንዱ ታኅሣሥ ነው አለ፣ አንዱ ኅዳር፣ አንዲት እናት ደግሞ ነሐሴ 11 ነው ብላ ቀን ስትቆጥር ቆየች። አገሩ በራሱ ሰዓትና በራሱ ካሌንደር እየኖረ፣ ለአገሩ ሰው የተሠራ መተግበሪያ ይህን አለማወቁ ምን ይባላል? ቅሬታ አቀረብን፤ ሰዓቱ ተስተካከለ። ቀኑ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይዘበራረቃል። የትውልድ ቀን ሲጠይቅም እንዲሁ ነው፤ የጣሊያን ጊዜ ማግሥት የተወለዱ አያቶች ቀንና ወር ካልነገሩ አያሳልፍም። ወጣቶቹ ለሁሉም አንድ ቀን ሰጥተዋቸው የዕድራችን አዛውንት በሙሉ በአንድ ቀን ተወልደዋል።

የመልእክቶቹ ይዘት ከሩቅ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። በሕማማት ሰሞን «ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ ይምረጡ» የሚል ደረሰን። በሕማማት ዶሮ! ደግሞስ ቆዳው ሳይገፈፍ ዶሮ ወጥ የሚሠራ ማን ነው? «በየቀኑ 30 ደቂቃ በእግር ይጓዙ» የሚለውን ያነበበችልኝ አንዲት ሴት እህል አስፈጭታ በጀርባዋ ተሸክማ ከወፍጮ ቤት እየተመለሰች ነበር። በእርግጥ ምክሩ ስህተት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። የሚነካውም እኔንና እኔን መሰሎችን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ የምንቀመጠውን፣ ባለሱቁን፣ የቢሮ ሠራተኛውን። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልእክት እንዲደርሰው መደረጉ ነው ጥፋቱ።

በጾም ላይ ግን ቀልድ የለም። የስኳር ኪኒን፣ በተለይ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ጠዋት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያዞረዋል፣ ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። በዐቢይ ጾም ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድም መልእክት አልመጣም። ሴኔጋል በፈረንጆች 2014 ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር ሆና የስኳር መልእክት በስልክ መላክ የጀመረችው በረመዳን ነበር፤ ጾሙን መነሻ አድርጋ። እኛ ከዚያ ያነሰ ጾም የለንም። ክፍተቱን የሞሉልን ለስብሰባው ጸሎት የሚያደርሱልን መምሬ ናቸው። የታመመን ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደማታስገድድ፣ እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ደግሞ በራሱ ሳይቀይር ከሐኪሙ ጋር እንዲወስን ነገሩ። እሳቸው ሲናገሩ በስልክ ተቀዳና ለሁሉም ተላከ። የጽሑፍ መልእክት የማይከፍቱት ሰዎች ይህን ደጋግመው ሰሙት።

ድምፅ ከጽሑፍ ይሻላል፤ ይህ ለእኔ ግልጽ ነው። ብዙ እናቶች ማንበብ አይችሉም፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ያላቸውም ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያቸዋል። ባለሙያዋ በራሷ ድምፅ፣ በጎጃም አነጋገር ስትናገር «የእኛዋ ናት» ብለው ያዳምጣሉ። ዳታ ሲቋረጥ ቴሌግራሙ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ወጣቶቹ እየደወሉ ያደርሳሉ።

ቴሌግራሙ ላይ የደረሰብንን አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። በአንድ እሑድ ምሽት የመተግበሪያው የወር ዝርዝር፣ ስም ከነውጤቱ፣ በጠቅላላው ቡድን ላይ ተለጠፈ። ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ግፊት እንዳለበት ሰፈሩ ሁሉ አነበበ። ልጁን ሊድር ሽማግሌ የሚጠብቅ አንድ አባት ለረጅም ጊዜ ከስብሰባ ቀሩ። ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀና በስም ፋንታ የዕድር ቁጥር እናድርግ አለ። የዕድር ቁጥርን እኮ መዋጮ ሲሰበሰብ ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ 47 ማን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን የለም! በመጨረሻ ውጤት ለባለቤቱ ብቻ፣ ለብቻው እንዲነገር አደረግን። አባትየው የተመለሱት ዳኛው ቤታቸው ድረስ ሽማግሌ ይዘው ሄደው ነው። ውል የምትፈርሙ ሁሉ ይህን አንቀጽ ከገንዘቡ በፊት አንብቡት።

ደግሞ «የሽፈራው ቅጠል ኪኒን ይተካል» የሚል ነገር በየሳምንቱ እየተላለፈ ይመጣል። ሽፈራው ይጠጣ፣ ማንም አልከለከለም፤ ኪኒኑን አቁሞ ግን አይሆንም። ወጣቶቹ ያጠፉታል፣ ተመልሶ ይመጣል።

እስካሁን ስልኩን ብዙ ስለነቀፍሁ፣ የሠራበትን ላንሣ። ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ያ የ2015ቱ ጥናት ኢትዮጵያዊው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንደሚበላ አግኝቷል። «ጨው ቀንሱ» የሚለው መልእክት ስንት ጊዜ መጥቶ ስንት ጊዜ ታለፈ። ሁሉም «እኔ ጨው አልወድም» ነው የሚለው። አንድ እሑድ ባለሙያዋ ይህንኑ መልእክት ጮክ ብላ አንብባ «ጨው የሚገባባችሁን ቁጠሩልኝ» አለች። ወጥ ተባለ። ቀጥሎ ዝም። ከዚያ አንዷ በርበሬው ሲፈጭ አብሮ የሚገባውን አነሣች። ሌላዋ ሽሮውን። ዳቦው መጣ። ከገጠር የመጣን ብዙዎቻችን ቡናችንን በጨው እንደምንጠጣ፣ እሱም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ እንደሚደርስ ተነሣ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ሌላ ሆነ። ወጡ ላይ ደግሞ «ጨው አነሰው» ብለን የምንጨምረው አለ።

ያን ቀን እኔም ሒሳብ ሠራሁ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 5 ግራም ለነፍስ ወከፍ ቢጠቀም 25 ግራም ነው፤ አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን ይቆያል ማለት ነው። ከብት ላለው ለከብቱ የሚሰጠውን ለይቶ ያስቀምጥ። ከዚህ ቀድሞ ኪሎው ካለቀ የሚበላው በዝቷል። በየቤቱ የጨው ዕቃው ላይ የተከፈተበት ቀን በእስክሪብቶ እንዲጻፍ ተስማማን፤ የስልኩ መልእክትም «ጨው ቀንሱ» መሆኑ ቀርቶ «ኪሎው መቼ ተከፈተ?» ሆነ። ከዚህ በኋላ ነው ሰው መልስ መጻፍ የጀመረው። በእኛ ቤት የመጀመሪያው ኪሎ 40 ቀን አልደረሰም፤ በርበሬውን አሁን ያለ ጨው አስፈጫለሁ። ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት ያህል አጉረመረመ፣ ከዚያ ተወው።

ይህ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አንብቤአለሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ ፋሪድፑር በሚባል አካባቢ 96 መንደሮችን በሦስት ከፍለው ጥናት አደረጉ፤ ውጤቱ በፈረንጆች 2019 ታትሟል። በአንደኛው ክፍል ሰዎች ስለ ስኳር በስልክ የድምፅ መልእክት ይደርሳቸዋል፤ በሁለተኛው በየወሩ እየተሰበሰቡ ችግሩን ራሳቸው አንሥተው መፍትሔውን ራሳቸው ይፈልጋሉ፤ ሦስተኛው እንደነበረ ተተወ። ስልኩ የደረሳቸው ሰዎች እውቀታቸው ጨመረ፤ የደም ስኳራቸው ግን አልተለወጠም። በተሰበሰቡት መንደሮች ግን ስኳር በሽታና ወደ ስኳር የሚያደርሰው ደረጃ በከፍተኛ መጠን ቀንሶ ተገኘ። በሌላ በኩል ሕንድ ውስጥ ተደርጎ በፈረንጆች 2013 በታተመ ጥናት፣ ለስኳር በተቃረቡ ወንዶች ላይ የስልክ ጽሑፍ ብቻውን ሠርቷል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ መልእክት ከደረሳቸው 18 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 27 በመቶ ሰዎች ስኳር ያዛቸው። ነገር ግን እነዚያ ተመርምረው አደጋቸውን ያወቁ፣ ምክር በአካል ያገኙ፣ መልእክቱም በእነሱ ሁኔታ የተጻፈላቸው ሰዎች ናቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በሕማማት ዶሮ የሚል መልእክት አልነበረም።

ከተለኩ በኋላስ? እዚህ ላይ አገልግሎቱ ደካማ ነው። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሌላ ቀን ተለክቶ ካልወረደ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል፤ በባዶ ሆድ ስኳሩ 126 የደረሰም ምርመራው ይደገማል። መላክ ቀላል ነው። የሄደው ሰው መድረስ አለመድረሱን፣ መድኃኒት ማግኘት አለማግኘቱን መተግበሪያው አይጠይቅም። አንዳንዴ ኪኒኑ ስለሚያልቅ ከውጭ ግዙ ይባላል፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ያለውም ከኪሱ ይከፍላል። አንድ አባላችን «የነገራችሁኝን ቁጥር ይዤ ምን ላድርገው?» ብለውኛል። አሁን በየስብሰባው የተላኩትን ስም ባለሙያዋ ለብቻዋ ይዛ ትጠይቃለች። ይህን ግን የጨመርነው እኛ ነን፤ በ15 ብራችን ውስጥ የለም።

ኪኒን የጀመረ ደግሞ ቁጥሩ ሲወርድ «ድኛለሁ» ብሎ ይተዋል። ቁጥሩ የወረደው በኪኒኑ መሆኑን ለማስረዳት ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ወሬ ከመልእክቱ ሁሉ ይበልጣል። ጎረቤት ጎረቤቱን «ዋጥህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ውላችን በመስከረም ይታደሳል። ዕድሩ የወሰነውን ልንገራችሁና ላብቃ። መሣሪያውና ሁለቱ ጨርቆች ይቀጥላሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ካለው ጋር ይመሳከራሉ። ጽሑፉ በሳምንት ከሁለት ወደ አንድ ይቀነሳል፤ የሚላከውንም ባለሙያዋና መምሬ አስቀድመው ያዩታል፤ በድምፅም ይሆናል። ሰዓቱ በእኛ ሰዓት፣ ቀኑ በእኛ ወር ስም ይጻፋል። ውጤት በቡድን ላይ ከተለጠፈ የዚያ ወር ክፍያ አይከፈልም። ድርጅቱ በእነዚህ ካልተስማማ መለኪያውን በራሳችን ገንዘብ ገዝተን ከባለሙያዋ ጋር እንቀጥላለን፤ ገንዘቡ አለ፣ ቆጥሬዋለሁ። ለመግዛት የምታስቡ ዕድሮች ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የአባሎቻችሁን ክንድ በሜትር ለኩ፤ ከ32 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ካለ ትልቁን ጨርቅ በዋጋው ውስጥ አስገቡት። ለብቻው ሲገዛ ይወደዳል።